ሕመምተኛውን ምን እናስተምረው? የአእምሮ ጤና ትምህርት ከአማኑኤል እስከ ዋግ

አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ቶሎ ወደ አፍ የሚመጣው ምክንያት «የግንዛቤ ማነስ» ነው። ሰሎሞን ተፈራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት ግን ሌላ መልስ ይዞ መጣ። ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች፣ አስታማሚዎቻቸውንና የጤና ሠራተኞችን «መድኃኒቱ ለምን ይቋረጣል?» ብለው ሲጠይቁ ጎልቶ የተሰማው መልስ የምግብ እጦት ነበር። መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፤ ቤት ውስጥ ግን ያንን ፍላጎት የሚያስታግስ እህል የለም። ክኒኑን የዋጠ ሰው ርቦት ያድራል፤ ርቦት እንዳያድር ክኒኑን ይተዋል። ይህ ሰው ያነሰው ዕውቀት አይደለም።

ይህን ግኝት ይዞ ወደ ዋግ ኽምራ መመልከት ግድ ይላል። ዝቋላ ሲባል ብዙ አንባቢ የሚያስታውሰው ከቢሾፍቱ ማዶ ያለውን የአቦን ተራራ ነው። እዚህ የምናነሣው ግን የዋጉን ዝቋላ፣ ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርደውን ወረዳ ነው። መንግሥት እስከ 2030 ድረስ የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ2015 የገባውን ቃል በሰቆጣ ስም መጥራቱ ስለ አካባቢው የምግብ ችግር ብዙ ይናገራል። በ2021 የሰሜኑ ጦርነት መጣ፤ በ2023 ደግሞ ድርቁ ዝቋላንና ጎረቤቶቿን መታ። እንዲህ ባለ አገር ለአእምሮ ሕመምተኛ ምን ዓይነት ትምህርት ነው ትምህርት የሚባለው? ጥያቄው የዋግ ብቻ አይደለም፤ ሆኖም በዋግ ሲጠየቅ ይጠነክራል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ሥራዎች

«የአእምሮ ጤና ትምህርት» ስንል ሦስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። የመጀመሪያው ለሕዝብ የሚሰጠው ግንዛቤ ማስጨበጫ ነው፤ በመስከረም መጨረሻ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር በሬዲዮና በአደባባይ የሚሰማው። ሁለተኛው ተመላላሽ ታካሚዎች ጠዋት ተራ ሲጠብቁ አንዲት ነርስ ፊታቸው ቆማ የምትሰጠው አጭር የጤና ትምህርት ነው። ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር ቁጭ ብሎ፣ በተከታታይ ቀጠሮ፣ ስለዚህ ሰው ሕመም መነጋገር ነው፦ ሕመሙ ምን እንደሆነ፣ ሊያገረሽ ሲል ምን ምልክት እንደሚያሳይ፣ መድኃኒቱ ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ፣ ቤተሰቡ ምን ቢያደርግ እንደሚሻል።

ልዩነቱ ከስም ያልፋል። ለሦስተኛው የተገኘ ማስረጃ ለመጀመሪያው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ይታያል። አንድ ወረዳ «ይህን ያህል ሕዝብ ተምሯል» የሚል ሪፖርት ሲያቀርብ የተቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ በስብሰባ የተቀመጠ ሰው ነው። ሕመሙ ያገረሸበት ወይም ያላገረሸበት ታካሚ እዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

መነሻው

ሦስተኛው ዓይነት ትምህርት የተወለደው ለንደን ውስጥ ከታየ አንድ ነገር ነው። ጆርጅ ብራውንና ባልደረቦቹ ከሆስፒታል የወጡ የስኪዞፍሬኒያ ታካሚዎችን ሲከታተሉ፣ ነቀፋ ወይም ጥላቻ ወይም ልክ ያለፈ ጣልቃ ገብነት ወዳለበት ቤት የተመለሱት ቶሎ እንደሚያገረሽባቸው አዩ፤ ዋናው ጽሑፋቸው እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። ከዚህ ተነሥተው በ1980 ካሮል አንደርሰንና ጓደኞቿ በአሜሪካ ቤተሰብን የማስተማር ዘዴ ነደፉ፤ ዛሬ ባለሙያዎች «ሳይኮኤዱኬሽን» የሚሉት ቃል የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ትምህርቱ ሲጀመር ያተኮረው በታማሚው አለማወቅ ላይ ሳይሆን በቤቱ አየር ላይ እንደነበር ልብ ይሏል። ወደ ድሃ አገሮች ሲሻገር ግን ይህ ነጥብ ተንሸራተተ፤ ትምህርቱ «መድኃኒትህን አታቋርጥ» የሚል ምክር ብቻ ወደመሆን አዘነበለ።

በኢትዮጵያ የዘመናዊው ሕክምና ታሪክ የሚጀምረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተቋቋመው ከአማኑኤል ነው። ለብዙ አሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ነበር። ከሰቆጣ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ታማሚውን ይዞ እዚያ የሚደርስ ቤተሰብ የሚያገኘው መድኃኒትና የቀጠሮ ካርድ ነበር፤ ትምህርት የሚባለው ከተገኘም በአልጋ ዳር የሚወረወር ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በአማኑኤል የሳይካትሪ ነርሶች ሥልጠና ሲጀመር ነርሶቹ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተሰማሩ። በ2003 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ሳይካትሪስቶችን አገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዓመት የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ተጀመረ፤ የአእምሮ ጤና ግን ወደ ኤክስቴንሽኑ ፓኬጅ የገባው ዘግይቶ ነው።

ከሕክምናው በፊትም ሆነ ከጎኑ የነበረውን መርሳት አይገባም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የዛር ሥርዓትን ሲመዘግብ ያየው፣ ታማሚው ስለ ሕመሙ ስም፣ ምክንያትና ግዴታ የሚማርበት የተሟላ ሥርዓት ነበር። ጊልና ጓደኞቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ በጊዮን (ወሊሶ) በእምነት መዳንንና በመንፈስ መያዝን አጥንተዋል። የጤና ሠራተኛው የሚያስተምረው ሰው እስከዚያ ሳይማር የቆየ አይደለም። የተማረው ሌላ ትምህርት ነው።

ቡታጅራና ሶዶ የነገሩን

ስለ ገጠር ኢትዮጵያ የምናውቀው ትልቁ ክፍል የመጣው ከጉራጌ ምድር፣ ከቡታጅራና ኋላ ከምንመለስበት ከሶዶ ነው። በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለዩ። ደረጀ ከበደና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 እንደጻፉት፣ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል የዘመናዊ መድኃኒት ሕክምና ያገኙት ከመቶ ከ10 በታች ነበሩ። አታላይ ዓለምና ባልደረቦቹ ቀደም ብለው በ1999 ያሳተሙት ሥራ ደግሞ የአካባቢው ሰው የአእምሮ ሕመም ብሎ የሚለየው መለፍለፍን፣ ጠበኛነትንና እንግዳ ባሕርይን እንደሆነ አሳየ። ዝም ብሎ ማዕዘን የሚይዘው፣ እንቅልፍ ያጣው፣ ሥራ ያስጠላው ሰው ከዚህ ወጥቶ ይቀራል። ስለዚህ «ያበደ ሰው» በሚለው ቃል የሚጀምር ትምህርት ድብርት ያለበትን ሰው አያገኘውም።

የተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ ጥናት (2001) ወደ ቤተሰቡ ዞረ። ከተጠየቁት ዘመዶች ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚደርስባቸው ተናገሩ፤ አብዛኞቹም ከሕክምና መንገዶች ጸሎትን አስቀደሙ። የጤና ትምህርት አጥብቆ የሚወደው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይፈተናል። ቤተሰቡ የሚደብቀው ሴት ልጁ ሳታገባ እንዳትቀር ስለሚፈራ፣ ጎረቤት እንዳይርቀው ስለሚሰጋ ከሆነ፣ ተረቱ ድፍረትን የሚጠይቀው ከተጎዳው ወገን ነው።

ሕመሙ ምን ያህል እንደሚገድል ያሳየው የአበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ የ10 ዓመት ክትትል ነው። ከ919 ሰዎች 121 ሞቱ፤ ዕድሜያቸው በግምት ሦስት አሠርት ዓመት አጥሮ ነበር። ግማሽ ያህሉን የገደሉት ተላላፊ በሽታዎች ናቸው። ለዋግ አንባቢ ይህ ትርጉም አለው፦ የአእምሮ ሕመምተኛን የምታስተምረው ነርስ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ወባና ስለ ንጹሕ ውኃ ካልነገረችው፣ ዋናውን ገዳይ ዘልላዋለች።

ትምህርቱ ይሠራል ወይ?

ከውጭ ዓለም የመጣው ማስረጃ በጥቅሉ «ይሠራል» ይላል፤ ግን ከነመጠንቀቂያው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በ44 ሙከራዎች 5,142 ሰዎችን አካቶ፣ ትምህርቱ ማገርሸትንና መድኃኒት ማቋረጥን እንደሚቀንስ ደመደመ። የሙከራዎቹ ጥራት ግን ደካማ መሆኑን አልደበቀም። ለባይፖላር ሕመም በባርሴሎና ፍራንሴስክ ኮሎምና ኤድዋርድ ቪዬታ በ2003 ያሳተሙት ሙከራ 120 ታካሚዎችን ይዞ፣ በ21 የቡድን ስብሰባ የተማሩት ካልተማሩት ባነሰ መጠን እንደሚያገረሽባቸው አሳየ። 21 ስብሰባ! ተከዜ ዳር ያለ ታካሚ በየሳምንቱ ወደ ሰቆጣ ቢመላለስ ምን ያህል እርሻ እንደሚያመልጠው ማሰብ ይበቃል። በተጨማሪም የባርሴሎናዎቹ ሕመማቸው የተረጋጋላቸው፣ መድኃኒታቸውም ያልተቋረጠ ሰዎች ነበሩ። ትምህርቱ የቆመው በቆመ ሕክምና ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርቡት ሁለቱ የአገር ውስጥ ሙከራዎች ናቸው። ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ በ2022 ያሳተሙት ሙከራ 329 ሰዎችን ይዞ፣ በጤና ጣቢያ በሠለጠኑ ተራ የጤና ሠራተኞች የሚሰጥ ክትትል በሳይካትሪ ነርስ ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳየ። ታማሚ ሁሉ ወደ ሩቅ ሆስፒታል መሄድ የለበትም ማለት ነው። በዚያው ዓመት የሎራ አሸርና የባልደረቦቿ የሶዶ ሙከራ ወጣ። በ48 ንዑስ አካባቢዎች 166 ሰዎች ተካተቱ፤ ለአንዱ ወገን በጤና ጣቢያ ክትትል ላይ ቤት ለቤት የሚመጣ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ ታከለለት። ሠራተኞቹ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ለጥቂት ሳምንታት የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ስለ ሕመሙ ከታማሚውና ከቤተሰቡ ጋር ይነጋገራሉ፣ ወደ ሥራና ወደ ማኅበራዊ ሕይወት እንዲመለስ ያግዙታል፣ ከአካባቢው ሽማግሌዎችና ከእድር ጋር ያገናኙታል። ከ12 ወር በኋላ የእነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት አቅም ከሌሎቹ ተሻለ።

ከዚህ ሙከራ «ትምህርት ይሠራል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ትምህርቱ ለብቻው አልተለካም። የተለካው ትምህርት፣ ጉብኝት፣ ጓደኝነትና ከእድር ጋር መገናኘት ተደምረው ነው። በእኔ ሚዛን ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፦ ውጤት ያመጣው ትምህርት ከሌላ እርዳታ ጋር ተጋግዞ የመጣ ትምህርት ነው።

የሎራ አሸር ቡድን በ2017 ታማሚን በሰንሰለት ስለ ማሠር የጻፈውም ይህንኑ ያጸናል። ልጁን ያሠረ ቤተሰብ ስለ ጭካኔው ሲጠየቅ የሚያስረዳው ሌላ ነው፦ ሌሊት ይወጣና ገደል ይገባል፣ ሰው ይመታል፣ የሚጠብቀው የለም፣ ሕክምናው ሩቅ ነው። ማሠር ክፉ እንደሆነ ማስተማር ይቀላል። ሰንሰለቱን የሚፈታው ግን መድኃኒቱ ጤና ጣቢያ ሲገኝና የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ነው።

ጸበሉና ክኒኑ

በዋግ፣ እንደ ሌላው የኦርቶዶክስ አገር፣ ታማሚ ከጤና ጣቢያ በፊት ጸበል ይሄዳል፤ በኋላም ይመለስበታል። በዚህ ጉዳይ ሦስት አቋሞች አሉ። አንዱ «መጀመሪያ እምነቱን አርመው፣ ከዚያ አክመው» ይላል፤ ጸበልን እንደ መዘግየት ብቻ ያየዋል። ሁለተኛው ጸበሉንና ክኒኑን ለየብቻ ይተዋቸዋል፤ የጤና ሠራተኛው ስለ ጸበል አይጠይቅም፣ ታማሚውም አይነግረውም። ሦስተኛው ሁለቱን ማጋገዝ ይሻል ይላል።

ለሦስተኛው ጥሩ ምስክር አለ። ዮናስ ባሕረጥበብና ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ በአንድ የጸበል ቦታ አጠገብ ክሊኒክ ከፍተው፣ ጸበልተኞች ጸበላቸውን ሳይተዉ መድኃኒት የሚወስዱበትን ትብብር በ2021 ጽፈዋል። ከዚያ በፊት በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው መንገድ ጠርጎ ነበር። ክኒን በጸበል መዋጥ የሚለው መልእክት ከማናቸውም ብሮሹር ይልቅ ቀላል ነው።

ነገር ግን ትብብሩ ያልተፈታ ቋጠሮ አለው። ጸበሉ ዘንድ የሚነገረው ምክንያት ጋኔን ነው፤ ክሊኒኩ ዘንድ የአንጎል ሕመም ነው። ታማሚው ሁለቱን እንዴት አስታርቆ እንደሚይዝ ማንም አይነግረውም። ብዙ ባለሙያዎች የሚመርጡት ክርክሩን መተው ነው፦ «ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ይህ መድኃኒት እንቅልፍ ይሰጥሃል፣ የሚሰማህን ድምፅ ይቀንስልሃል።» ይህ ለጊዜው ያግባባል። በጾም ወቅት ግን ይፈተናል፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ጠዋት ክኒን አይውጥም። ብዙዎቹ መድኃኒቶች ማታ በአንድ ጊዜ ሊወሰዱ ስለሚችሉ መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ባለሙያው ግን ቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የንስሐ አባትም ሊሰማ ይገባል።

«የአንጎል ሕመም ነው» የሚለው ማብራሪያም ንጹሕ አይደለም። በጀርመንና በሌሎች የምዕራብ አገሮች ለዓመታት የተደረጉ ጥናቶች፣ ሕዝቡ የአእምሮ ሕመምን በሥነ ሕይወት ማብራራት ሲለምድ ታማሚውን መራቁ እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። «አንጎሉ ተበላሽቷል» የሚለው ቃል «አይድንም» ተብሎ ሊሰማ ይችላል። ለቤተሰቡ ጋኔን ቢያንስ የሚወጣ ነገር ነው።

ዋግ ላይ ሲደርስ

የቡታጅራና የሶዶ ማስረጃ ወደ ዋግ ሲመጣ ሦስት ነገር ይጎድለዋል።

አንደኛው ቋንቋ ነው። በዋግ ኽምራ ብዙ ሰው አፉን የሚፈታው በኽምጣኛ ነው፤ ቋንቋው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። የጤና መመሪያዎቹ ግን በእንግሊዝኛና በአማርኛ ናቸው። «ድብርት» የሚለውን ቃል ከአማርኛ ወደ ኽምጣኛ ቃል በቃል ማዞር አይበቃም፤ የኽምጣኛ ተናጋሪ ያንን ስሜት በምን ይገልጸዋል ብሎ መጀመር ያስፈልጋል። በቡታጅራ የተደረገውን ዓይነት ጥያቄ በኽምጣኛ መጠየቅ ከትርጉም በፊት የሚመጣ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ርቀትና አቅርቦት ነው። ሰቆጣ የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ከዝቋላ ቀበሌዎች ግን እዚያ መድረስ የእግርና የመኪና መንገድ ነው። መድኃኒቱ አንድ ወር ኖሮ ሌላ ወር ሲጠፋ «መድኃኒትህን ለአንድ ቀንም አታቋርጥ» የሚለው ትምህርት በታማሚው ላይ ፍርድ ይሆናል። ያቋረጠው እርሱ አይደለም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅመው ትምህርት የተለየ ነው፦ መድኃኒት ሲያልቅ ምን ምልክት ይጠበቅ፣ ለማን ይነገር፣ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ ለዚህ ቤት ይሻል ይሆን?

የሚጥል በሽታም አብሮ ይነሣል፤ በገጠር ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክትትል ከሚያገኙት መካከል እነዚህ ታካሚዎች አሉና። ረዳ ተክለሃይማኖት በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ያደረጉት ጥናት በሽታው ይተላለፋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ መሆኑን አሳይቷል። በመላ አገሪቱ የወደቀ ሰውን ክብሪት ማስሸተት የተለመደ ነው። እሳት ዳር የወደቀ ልጅ ይተላለፋል በሚል ፍርሃት ሳይነሣ ይቃጠላል። እዚህ ትምህርት ብቻውን ሕይወት ያድናል፤ ከዚህ መስክ ሁሉ ትምህርቱ ለብቻው እንዲህ የሚያግዝበት ቦታ ያለ አይመስለኝም፦ አንሡት፣ በጎኑ አስተኙት፣ ክብሪቱን ተዉት፣ እሳቱን ከልሉት።

ሦስተኛው ጦርነቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው ግምት ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከአምስት ሰው አንዱ የሆነ ዓይነት የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ይላል። ይህ ቁጥር በዋግ ተፈናቃዮች መካከል ሲጠቀስ ጥንቃቄ ይሻል። ልጁን ያጣ ሰው ማልቀሱ፣ ቤቱ የተቃጠለ ሰው እንቅልፍ ማጣቱ ሕመም አይደለም፤ ሐዘን ነው፤ ሐዘንም ለቅሶ ቤትና ተዝካር አለው። ከባድ ሕመም ያለባቸው ከዚያ ቁጥር ከሩብ የማይበልጡ ናቸው። ሁሉንም «ታማሚ» ብሎ የሚጀምር ትምህርት እነዚህን ጥቂቶች ከብዛቱ መሀል ያጣቸዋል። በሌላ በኩል ሁሉንም «ሐዘን ነው፣ ያልፋል» ማለትም እንዲሁ ያጠፋል። መለያው መስመር የት እንደሆነ በባለሙያዎች መካከል ገና ስምምነት የለም።

ያልተዘጉ ጥያቄዎች

ዋናው ክርክር ስለ ምግቡ ነው። የሰሎሞን ተፈራ ጥናት ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ግን ከእርሱ የሚከተለው ምን እንደሆነ ሁለት አስተያየት አለ። አንደኞቹ የምግብ ጉዳይ የሴፍቲኔት ሥራ ነው፣ የጤና ትምህርት አይደለም ይላሉ። ሌሎቹ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በሴፍቲኔት መዝገብ ላይ ቅድሚያ እንዲያገኝ ማድረግ የሕክምናው ክፍል ነው ይላሉ። የሴፍቲኔት መርሐ ግብር መሥራት የሚችለው ሠርቶ፣ የማይችለው ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ እንዲቀበል ያደርጋል፤ ታማሚው ብዙ ጊዜ መሥራት አይችልም፣ አስታማሚውም ከእርሱ አይለይም። እኔ ሁለተኞቹ ዘንድ ነኝ። በዝቋላ «ይህ መድኃኒት ያስርብሃል፤ ስለዚህ ከቤተሰብህ ጋር ስለ እህሉ እንነጋገር» የማይል ትምህርት እውነቱን ግማሽ ነግሮ የሚሄድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ አስተማሪው ማን ይሁን የሚለው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱን ታውቀዋለች፤ ግን ከእርግዝና ክትትል እስከ ክትባትና መጸዳጃ ቤት ያለው ሁሉ በጫንቃዋ ነው። የሶዶው ሙከራ ለዚህ ሥራ ብቻ የተቀጠሩ ሰዎችን ተጠቅሟል፤ ያንን ደመወዝ ከሙከራው በኋላ ማን እንደሚከፍል ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው ታማሚው ራሱ አስተማሪ ይሁን የሚለው ነው። አዲስ አበባ ላይ እሌኒ ምስጋናው ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የአእምሮ ጤና አገልግሎት ተጠቃሚዎች ማኅበር ይህን ድምፅ አሰምቷል። ሲሳይ አባይነህና ባልደረቦቹ በሶዶ የታማሚዎችን ተሳትፎ ሲያጠኑ ግን ድህነትና መገለል ቀድመው መንገድ እንደሚዘጉ አይተዋል፤ ስብሰባ ለመምጣት ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚቀርበት ሰው፣ በአደባባይ ከተናገረ ልጁን የሚያገባለት የሚያጣ ሰው ምን ብሎ ይናገር? በከተማ «ታሪክህን ንገር» የሚለው ጥሪ ድፍረት ነው። በዝቋላ ቀበሌ ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት ቦታ ታሪኩ አስቀድሞ ተነግሯል፤ ያልተነገረው ታማሚው ራሱ የሚያየው ወገን ነው፦ ክኒኑ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ፣ ምን ያህል እንደሚያስርብ፣ የትኛው ዘመድ ሲመጣ እንደሚረጋጋና የትኛው ሲመጣ እንደሚብስበት። ይህ ዕውቀት ጤና ጣቢያው ካርድ ላይ እስካሁን የሚጻፍበት መስመር የለውም።